ሳጥኑ ውስጥ የያዘኝ እጅ

ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም።

አብሮኝ የነበረው ባለቤቴ ራሱ "ለማንም እንዳታወሪ፤ አብዳለች ነው የሚሉሽ" ብሎኛል። ይበሉ። እኔ የሆነውን እንደሆነው ነው የምነግራችሁ። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም።

ሌሊት አልነበረም። ብቻዬንም አልነበርኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቦታው የከተማው ሙዚየም ነው... አበባ የተተከለበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት ቦታ።

እኛ ግን ልጅ ይዘን አልመጣንም።

ልጃችን ከሞተች ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ስድስት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯ አናቷ ላይ ሰብሰብ ተደርጎ ካልታሰረላት ከቤት ንቅንቅ አትልም። ለዚህ ነው አባቷ "ቁንጮ" የሚላት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ቁንጮ ይበቃል።

ከመታመሟ በፊት ክፍላቸው ይሄን ሙዚየም ሊጎበኝ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አላስተኛችንም።

"እማ፣ እዚያ እኮ መንካት ይቻላል! ቲቸር ነግራናለች! ሁሉንም ነገር!"

ልጄ ለምን እንዲህ እንደጓጓች ይገባኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቤታችን ውስጥ ከንጋት እስከ ማታ የሚሰማው "አትንኪ" ነው። መቀሱን አትንኪ። መርፌውን አትንኪ። የአባትሽን ሽቦ አትንኪ። እሷ ደግሞ እጇ አያርፍም።

ጉብኝቱ ሊደርስ ሲል ትኩሳት ያዛት።

ጉንፋን መስሎን ነበር...

ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልን፤ እኔ ምድር ቤት ወዳለው መድኃኒት ቤት ወረድኩ። ወረፋው አይጣል ነው። ተራዬ ደርሶ መድኃኒቱን ይዤ እየሮጥኩ ስወጣ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።



የራሱን እጅ ነበር የሚያየው።

እሱ እስከመጨረሻው እጇን ይዟት ነበር። እኔ ግን ስደርስ እጇ ቀዝቅዟል።

ስምንት ወር ሙሉ አልዋጥልኝ ያለው ይሄ ነው። መሞቷ አይደለም የምላችሁ... እሱንማ ማን ይውጠዋል። ሞቅ እንዳለ እጇን አለመያዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ዋልኩ። የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተሰፋውን እተረትራለሁ፣ የተረተርኩትን እሰፋለሁ። ሰው ሲመጣ ሻይ አፍልቼ እሰጣለሁ። ሲሄድ ብርጭቆውን ሳላነሳ ይመሻል።

ያን ሐሙስ ባለቤቴ በጊዜ ከሥራ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ተነሺ፣ ልብስሽን ለውጪ።"

"የት ልንሄድ?"

"ሙዚየም።"

መተርተሬን ቀጠልኩ።

"እሷ ያላየችውን እንይላት" አለኝ።

"አልችልም።"

"እኔም አልችልም። አንቺ ስትወድቂ እኔ አነሳሻለሁ፤ እኔ ስወድቅ አንቺ ታነሺኛለሽ። ተነሺ በቃ።"

ተነሳሁ።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ትኬታችንን እየቀደዱ ከኋላችን አዩ።

"ልጆች የሉም? ለልጅ እኮ አናስከፍልም።"

"ልጆቹ እኛው ነን አባቴ፤ ትንሽ አርጅተን ነው እንጂ" አላቸው ባለቤቴ። ሊቀልድ ነበር። ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ሽማግሌው ገባቸው መሰለኝ፣ መንገዱን በእጃቸው አሳዩን።

አትክልት ቦታው ያምራል። ዝናቡ አጥቦት ቅጠሉ ሁሉ ያበራል። ከመንገዱ ዳር ሽታ ያላቸው ተክሎች በመደብ በመደብ ተተክለዋል። ከፊታቸው ትንሽ ሰሌዳ ቆማለች።

"ቅጠሉን አሽተው ያሽትቱ።"

ባለቤቴ አንዱን ቅጠል አሸት አድርጎ አፍንጫዬ ላይ ያዘልኝ። አሸተትኩ። ደስ ይላል። ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ያለው ክፍል የድሮ ዕቃ ነው። ቁጥሩ እየዞረ የሚደወል ስልክ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ሚዛን፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና። ከእያንዳንዱ ፊት አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ።

"እባክዎ ይንኩ።"



የሚቀጥለው ክፍል "በእጅ እይ" ይባላል። ሰማያዊ ሽርጥ ያደረገች ወጣት አስጎብኚ በፈገግታ ተቀበለችን። ግድግዳውን ተከትለው የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ላይ ውስጡ እንዳይታይ እንደ እጅጌ የተሰፋ ጥቁር ጨርቅ አለ።

"እጅዎን ይክተቱና ምን እንደሆነ ይገምቱ" አለችኝ። "አይፍሩ፣ የሚናከስ የለም።"

ከተትኩ።

"ከፋይ ጨርቅ ነው። ሰው ሠራሽ ያልሆነ፣ ጥሩ ከፋይ።"

"እንዴ! ማንም እኮ አያውቀውም!"

"እንጀራዋ ነው" አላት ባለቤቴ። እሱም በተራው እጁን ቀጣዩ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ዳሰሰ። ፊቱን አኮሳትሮ ብዙ አሰበና "የውሃ ቧንቧ ነው፤ ያውም የተበላሸ" አለ።

ልጅቷ ክዳኑን ከፈተች። የበሬ ቀንድ ነው።

ሳቅኩ።

ድምፄን ስሰማ እኔው ደነገጥኩ። ባለቤቴም ዞር ብሎ አየኝ... ዓይኑ እንባ ሞላ።

በዚህ መሃል ከውጭ ጫጫታ ተሰማ። የትምህርት ቤት ልጆች በመስመር ገቡ። አስጎብኚዋ "መጣሁ፣ እነዚህን ላስተናግዳቸው" ብላ ወጣች። እኛ ሁለታችን ቀረን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ጫጫታው ጠፋ።

በሩ ክፍት ነው። ልጆቹ ከበሩ ወዲያ ይታዩኛል፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃሉ፣ ይገፋፋሉ። ድምፅ ግን የለም። ሬዲዮ ሲዘጋ እንዳለው ዝምታ...

"ሰማህ?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ምንም አይሰማም እኮ።"

እሱ ወደ ጥጉ እያየ ነበር።

ጥጉ ላይ ከሌሎቹ ተነጥላ አንድ ሳጥን አለች። ስንገባ አላየኋትም። ዝቅ ብላ ነው የተሠራችው፣ በልጅ ቁመት። እንጨቷ አዲስ ነው። ቀለም አልተቀባችም፣ ጽሑፍ የላትም።

የቀዳዳዋ ጨርቅ ይንቀሳቀሳል።

ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ... ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ...

"ንፋስ ነው" አለ ባለቤቴ።

መስኮቱን አየሁት። ዝግ ነው።

ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ሄድኩ። ተንበረከክኩ። እጄን ከተትኩ።

ምንም የለም።

ትንሽ ገፋሁ። ምንም። እስከ ክርኔ ገባ። አሁንም ምንም አልነካሁም። ያኔ ነው ያስተዋልኩት... ሳጥኗ የጫማ ካርቶን ታህላለች። ከኋላዋ ግድግዳ ነው። ክንዴ ግን እስከ ትከሻዬ ገብቷል።

ላወጣው ስል ጣቴን የሆነ ነገር ነካኝ።

ትንሽ ነው። ለስላሳ ነው። ሞቃት ነው።

ቀስ ብሎ መዳፌ ውስጥ ገባ።

"ምን አገኘሽ?" አለኝ ባለቤቴ።

...

"ምንድነው?"

"ዝም በል።"

"ምን ሆንሽ?"

"ዝም በልልኝ... እባክህ።"

የልጅ እጅ ነው። ጣቶቹ የእኔን ጣቶች ጨበጡ። ከዚያ አንዷ ጣት መዳፌን መሃሉ ላይ ጫር ጫር አደረገችው።

መንገድ ላይ ከሰው ጋር ቆሜ ወሬ ሲረዝምብኝ፣ ቁንጮ ሰው ፊት "እንሂድ" ማለት ነውር እንደሆነ ስለነገርኳት በጥፍሯ መዳፌን ትጭረኝ ነበር። እንዲሁ። ሁለቴ ጫር፣ ቆይታ ደግሞ አንዴ።

"እማ፣ በቃ እንሂድ" ማለቷ ነው።

ይሄን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አባቷ እንኳ አያውቅም።

"እሷ ናት" አልኩ።

"ማን?"

"እሷ ናት እኮ... ሞቃለች። ሞቃለች እጇ።"

ባለቤቴ አጠገቤ ተንበረከከ። እሱ ሁሉንም ነገር በሽቦና በሞተር የሚያስብ ሰው ነው።

"የእኔ እመቤት፣ ስሚኝ። እዚህ ቦታ ብዙ ዓይነት መሣሪያ ይሠራሉ። ሞተር ይሆናል። ላስቲክ ይሆናል። እጅሽን አውጪና እኔ ልየው።"

"አላወጣም።"

"እሺ አታውጪ። እኔም ልክተት።"

ቀዳዳዋ ጠባብ ናት። ክንዱን ከክንዴ ጎን አጣብቆ አስገባ። ጨርቁ ሲለጠጥ ስፌቱ ጠረር ሲል ሰማሁት።

ፊቱን ነበር የማየው።

መጀመሪያ ግንባሩ ተፈታ።  ማታ ማታ ተኝታ ብርድ ልብስ ሲያለብሳት የነበረውን ፊት አየሁበት። ስምንት ወር ያላየሁትን ፊት።

"ቁንጮ..." አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ ባለበት ቀጥ አለ።

ዓይኑ ፈጠጠ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁት።

"አውጪ" አለኝ።

"ምን?"

"እጅሽን አውጪ።"

"ይዛኛለች እኮ..."

"አውጪ አልኩሽ! አሁኑኑ!"

ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። እኔ ወደ ሳጥኗ፣ እሱ ወደ ኋላ። ትንሿ እጅ አልለቀቀችኝም። አውራ ጣቷ ተንሸራተተች። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ሌላዋ... መጨረሻ ላይ ትንሿ ጣቷ ብቻ ጣቴ ላይ እንደ መንጠቆ ተንጠልጥላ ቀረች።

ከዚያ እሷም የለችም።

ጮህኩ።

እኔ ስጮህ የልጆቹ ጫጫታ ባንዴ ተመለሰ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ባለቤቴ ደግፎ አወጣኝና አትክልት ቦታው ውስጥ እርጥብ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ደረቱን በቡጢ መታሁት።

"ለምን! ለምን ነጠቅከኝ! አንተ ይዘሃታል፣ አንተ ተሰናብተሃታል! እኔስ?"

"ምንም አልነበረም" አለኝ። "ባዶ ሳጥን ነው።"

"ስሟን ጠርተሃል። ሰምቼሃለሁ።"

"ባዶ ነው አልኩሽ።"

"ታዲያ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?"

እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።  ከቅጠሎቹ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሲናገር ወደ እኔ አላየም።

"እሷ ነበረች።"

"ታዲያ..."

"ብቻዋን አልነበረችም።"

ወደ እሱ ዞርኩ።

"እጇን ያዝኩ" አለ። "እሷ መሆኗን ሳውቅ... ወደ ላይ ሄድኩ። እጅጌዋን ልነካ። የትኛውን ሹራብ እንደለበሰች ላውቅ ነበር፣ ይበርዳት እንደሆነ። የእጇ አንጓ ላይ ስደርስ... ሌላ እጅ አለ።"

"የእኔን ነዋ የነካኸው!"

"ያንቺ አይደለም። ያንቺን እጅ አላውቀውም እንዴ? ትልቅ ነው። ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው... አንጓዋን ዞረው ዞረው ተደራርበዋል።"

"እየጎተታት ነው?"

"አይደለም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ዝም ብሎ ነው የያዛት። ሰው የገዛ ልጁን ገበያ መሃል እንደሚይዘው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እኔ እንደነካሁት አወቀ። አንድ ጣቱን ከእሷ ላይ አነሳና... ክንድሽ ላይ አሳረፈው። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ዳሰሰሽ። አንቺ ጨርቅ ስትገዢ እንደምታደርጊው። ጥሩ መሆኑን እንደሚያይ ሰው።"

ክንዴን አየሁት። ምንም አልተሰማኝም ነበር። እምላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ከእጇ በቀር በዓለም ላይ ምንም አልተሰማኝም።

"ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አለኝ።

"ተናገር።"

"ያን ቀን... አንቺ መድኃኒት ቤት ሆነሽ። በአንድ እጇ እኔን ይዛኛለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማንም ወደሌለበት ወገን። ሌላኛውን እጇን አነሳች። ሰው እጅሽን ስጪኝ ሲላት እንደምታነሳው። ጣቶቿ የሆነ ነገር ጨብጠው ገጠሙ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የእኔን ለቀቀችኝ።"

ሁለታችንም አለቀስን። ለቅሶው ሲያልቅ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ "ተመስገን፣ ብቻዋን አይደለችም" ይላል። አንዱ ደግሞ...

"ማን ነው?" አልኩት።

"አላውቅም።"

"ደግ ይመስላል?"

አየኝ። ልጁን ለማያውቀው ሰው ትቶ እንደመጣ አባት ነው ያየኝ።

"አላውቅም፣ የእኔ እመቤት። አላውቅም።"

ተነሳሁ። ክንዴን ያዘኝ።

"አትመለሺ። እለምንሻለሁ።"

"ልጄን የያዛትን ሳላነጋግረው ወደ ቤቴ ልሂድ?"

ለቀቀኝ። ከዚያ ተከተለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ የሉም። አስጎብኚዋ ብቻዋን ሳጥኖቹን ትወለውላለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ቀድሞ ስጮህ ሰምታኛለች።

"እህቴ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎ?"

"ይቺ ሳጥን ምን አለባት?"

"ይቺ? ይቺማ ገና አልተሞላችም። አናጺው በቅርብ ነው የተከላት። ምን እንደምንከትባት እንኳ አልወሰንንም።"

"ክፈቺልኝ።"

ከጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፈተችልኝ። ባዶ ናት። የእንጨት ሽታ ብቻ። በቀዳዳው በኩል እጄን ከተትኩ፤ ጣቶቼ በተከፈተው በር በኩል ታዩኝ። የኋላዋን እንጨት ነኩ። አለቀ። ከክርኔ በላይ የሚያስገባ ቦታ የላትም።

ልጅቷ በሩን እየዘጋች ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ግን አንድ ነገር ልንገርዎት? ልጆች እሷ ጋ ነው የሚሰለፉት። ባዶ ናት ብላቸው አይሰሙኝም። ምን አገኛችሁ ስላቸው 'ሰው' ይሉኛል። ሰላም ብሎናል ይሉኛል።"

"ትልቅ ሰው ነው የሚሉሽ፣ ወይስ ልጅ?" አላት ባለቤቴ።

የምትወለውልበትን ጨርቅ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

"አንዳንዶቹ 'ልጅ ናት' ይላሉ፣ እየሳቁ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ግን... ምን እንደነኩ አይነግሩኝም። እጃቸውን እንዳጥብላቸው ይለምኑኛል።"

"እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻዬን ተይኝ" አልኳት።

ምን አይታብኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልተከራከረችኝም። በሩ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

ተንበረከክኩ። እጄን አልከተትኩም። አፌን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁ። ጨርቁ ከንፈሬን ነካኝ። ያን ጊዜ አይንቀሳቀስም ነበር።

"ማን እንደሆንክ አላውቅም" አልኩት በሹክሹክታ። "የመጣሁት ልጣላህ አይደለም። ከያዝካት... እባክህ ጨለማ ትፈራለች። መብራት ሳይኖር ትተሃት እንዳትሄድ።"

ጆሮዬን አስጠግቼ ጥቂት አዳመጥኩና ቀጠልኩ።

"ምግብ በግድ አይሆንላትም። እያጫወትክ ነው። ፀጉሯን ስታስርላት አታጥብቀው፣ ያማታል፤ ደግሞ ያመማትን ቶሎ አትናገርም። ሲያማት ዝም ትላለች። ዝም ካለች ግንባሯን ንካት።"

ባለቤቴ አጠገቤ ተንበረከከ። ሳጥኗ አፍ ላይ ግንባሩን አሳረፈ። ያ ፈርቶ የጎተተኝ ሰው።

"ማታ ማታ የውሸት ታሪክ ንገራት" አለ። "እውነት አትወድም። ዝሆን ያለበት ከሆነ ደግሞ... ደግሞ ዝሆኑ አይሙት።"

ከዚያ በላይ አልቻለም።

ከበሩ በኩል የአስጎብኚዋ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

መልስ ጠበቅን። ጨርቁ አልተነፈሰም። እጅም አልመጣም። ትንሽም፣ ትልቅም።

መዝጊያ ሰዓት ደረሰና ወጣን።

ፀሐይ ከደመናው ሥር ብቅ ብላ አትክልት ቦታው ሁሉ ወርቅ መስሏል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ውጭው በር ይሄዳሉ። አስተማሪያቸው ከፊት ናት። "እጅ እንዳትላቀቁ!" ትላለች።

እኛ ከኋላቸው ነበርን፣ ራቅ ብለን።

መጨረሻ ላይ ያለችውን ልጅ መጀመሪያ ያየኋት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ነው። ርምጃውን ሲያቆም ነው እኔም ያየሁት።

የዝናብ ልብስ ለብሳለች። ቆቡን ደፍታዋለች። ፊቷ አይታይም። ከሰልፉ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ነው የምትሄደው።

ጓደኛ የላትም። ከጎኗ ማንም የለም።

አንድ ክንዷ ግን ወደ ላይ ተነስቷል። ቀጥ ብሎ። መዳፏ ከጭንቅላቷ በላይ ተጨብጧል... ረጅም ሰው እጇን ሲይዛት እንደሚሆነው።

ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ።

የባለቤቴ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ። ቀዝቅዞ፣ በእንባ ርሷል።

"አትጥሪ" አለኝ በጆሮዬ። "ማን እንደሚዞር አናውቅም።"

መንገዱ ላይ ዝናቡ ያቆረው ሰፊ ውሃ ነበር። ሌሎቹ ልጆች በዳሩ ዞረው አለፉ። እሷ አልዞረችም። ውሃው አፍ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ቀና ብላ ከጎኗ ያለውን ባዶ አየር አየች።

ከዚያ ሁለቱም እግሮቿ ከመሬት ተነሱ።

በዚያች ባነሳቻት እጇ ተንጠልጥላ፣ እግሮቿን እያወዛወዘች፣ በውሃው ላይ ቀስ ብላ አለፈች። ወዲያ ማዶ፣ የያዛት በጥንቃቄ ደረቁ ላይ አቆማት።